ቆስቁሰን የለካነው ብርሃን

በውቅያኖስ ውስጥ የሚበራውን ሕያው ብርሃን የሚለካ መሳሪያ አለ ሲባል መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣው ካሜራ ነበር። ወደ ጨለማው ወርዶ፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ የሚበራውን ዝም ብሎ የሚያይ ነገር። ዋነኛው መሳሪያ ግን እንደዚያ አይደለም። ባቲፎቶሜትር ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሥራው ወተት ከመናጥ ብዙም አይርቅም። ፓምፕ የባሕሩን ውሃ ይስባል። ውሃው የውጭ ብርሃን ወደማይደርስበት ጨለማ ክፍል ሲገባ በወንፊት ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል፣ ወይም በሚሽከረከር ክንፍ ይናጣል። በተናጠው ውሃ ውስጥ ያሉት ደቃቅ ፍጥረታት ብልጭ ይላሉ። ክፍሉ ላይ የተገጠመው ፎቶመልቲፕላየር፣ ማለትም እጅግ ደካማ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጠው ዓይን፣ ብልጭታውን ይመዘግባል። መጨረሻ ላይ አንድ ቁጥር ይወጣል፦ በአንድ ሊትር ውሃ ይህን ያህል ፎቶን።

ተመራማሪዎቹ ይህንን ቁጥር በጥንቃቄ ነው የሚጠሩት። “የባሕሩ ብርሃን” አይሉትም። “የብርሃን አቅም” ይሉታል፤ ይህ ውሃ ቢናጥ ሊያወጣ የሚችለው ማለት ነው። ምክንያቱም ካልነካኩት ያ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ጨለማ ነው። መሳሪያው ባይወርድ ኖሮ በዚያች ሰዓት፣ በዚያች ሊትር ውሃ ውስጥ፣ ያ ብልጭታ አይኖርም ነበር። ለኪው የለካውን ነገር ራሱ ፈጥሮታል ማለት ይቻላል።

ይህች ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። ጉዳዩ የፊዚክስ ብቻ አይመስለኝም። ሌላውን፣ ሰውንም ጭምር፣ እንዴት እናውቀዋለን የሚል የቆየ ጥያቄ ነው። ቆስቁሰን ያወጣነውን ነገር “እውነተኛ ማንነቱ” ብለን መጥራት እንችላለን?

መጀመሪያ ግን ብልጭ የሚሉት እነማን እንደሆኑና ለምን እንደሚበሩ ልንገራችሁ። ከባሕሩ ገጽ አካባቢ በብዛት የሚያበሩት ዳይኖፍላጀሌት የሚባሉ ባለ አንድ ሴል ፍጥረታት ናቸው። ውሃው በላያቸው ላይ በኃይል ሲንሸራተት ሰማያዊ ብርሃን ያወጣሉ። ብልጭታው የሚቆየው የሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ለመዋብ ብለው አይደለም። ኮፔፖድ የሚባለው ደቃቅ፣ ሽሪምፕ መሰል እንስሳ ሊበላቸው ሲመጣ ብልጭታው ያስደነግጠዋል። ባያስደነግጠው እንኳ ሌላ ሥራ አለው፤ ኮፔፖዱን ለሚበላው ዓሣ ያጋልጠዋል። ሳይንቲስቶቹ ይህንን ከሌባ ማስጠንቀቂያ ደወል ጋር ያመሳስሉታል። በእኛ አነጋገር ኡኡታ ነው። ሌባ ቤት ሲገባ ጮኾ ጎረቤት እንደመጥራት።

እንግዲህ በኢንስታግራም የምናየው ያ ሰማያዊ የባሕር ዳርቻ፣ ሰዎች በእግራቸው ውሃውን እየረገጡ የሚደሰቱበት፣ የሚሊዮን ጥቃቅን ፍጥረታት ኡኡታ ነው። ባቲፎቶሜትሩም የሚቆጥረው ኡኡታ ነው። ይህን ስል ተመራማሪዎቹን ለመውቀስ አይደለም። ዳይኖፍላጀሌት አእምሮም ነርቭም የለውም፤ እንደኛ ያዝናል ብዬ አላምንም። የሚያሳስበኝ የአስተዋወቁ ዓይነት ነው። ስለ አንድ ሕያው ነገር የምናውቀው ሁሉ ስንነካው የሚያደርገውን ብቻ ከሆነ፣ ምኑን ነው ያወቅነው?

በአማርኛ መቆስቆስ የሚል ግሩም ቃል አለን። እሳት ይቆሰቆሳል፤ ከአመዱ ሥር ፍም መኖሩን ለማየት። ነገርም ይቆሰቆሳል። ነገር ቆስቋሽ ሲባል ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሁላችንም አንድ እናውቃለን። አንዱ ቃል ሁለቱንም መሸከሙ የሚገርመኝ ለዚህ ነው። እሳት የሚቆሰቁሰው ሰውዬ የሚፈልገው እሳቱን ነው። ነገር የሚቆሰቁሰውም “እኔ እኮ ውስጡን ማየት ፈልጌ ነው” ይላችኋል። ውስጡን አየ ማለት ነው? ወይስ የራሱን እንጨት?

ዘመናችን የመቆስቆስ ዘመን ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም። ቲክቶክ ላይ ፍቅረኛን “መፈተን” አንድ ራሱን የቻለ የመዝናኛ ዘርፍ ሆኗል። በሐሰት አካውንት ሴት መስሎ ይጽፍለታል፤ ከመለሰ ተያዘ። ጎዳና ላይ የማያውቁትን ሰው ይተነኩሱታል፤ ከተቆጣ ቪዲዮው ይወጣል። ኮመንት ላይ አንዱ ሌላውን ቀኑን ሙሉ ሲወጋው ይውልና፣ ያኛው በመጨረሻ አንዲት ክፉ ቃል ሲያመልጠው ስክሪንሾት ይነሳል። ከዚያ ሁሌም ያቺው ዓረፍተ ነገር ትከተላለች፦ “አሁን ማንነቱ ወጣ!” ከዚያ በፊት የነበሩት አርባ መልእክቶች ስክሪንሾቱ ላይ የሉም። ፓምፑ አይታይም፤ የሚታየው ብልጭታው ብቻ ነው።

ከኢንተርኔት ውጭም ያው ነው። ለሥራ የመጣን ልጅ ሆን ብሎ አዋክቦ “ጫና ሲበዛበት እንዴት እንደሚሆን ላየው ብዬ ነው” የሚል አለቃ አለ። የልጇን እጮኛ በነገር እየወጋች ትዕግሥቱን የምትለካ እናት አለች። በቃ፣ ሰው ሲነካ ነው የሚታወቀው የሚል እምነት አለን። ደግሞም ባዶ እምነት አይደለም። ወዳጅ በችግር ቀን ይለያል፣ ወርቅ በእሳት ይፈተናል ሲባል ኖሯል፤ ያለ ምክንያት አልተባለም።

ታዲያ የባሕሩ ሰዎች ከእኛ የሚለዩት በምንድነው? እነሱም ይቆሰቁሳሉ። ልዩነቱ ግን መቆስቆሳቸውን አብረው መመዝገባቸው ነው።

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ሥራ ከተሠሩት መሳሪያዎች አንዱ ሃይዴክስ ይባላል። ባሕር ኃይሉ ጉዳዩን የፈለገው ግልጽ በሆነ ምክንያት ነው፤ ማታ የሚንቀሳቀስ ሰርጓጅ መርከብ የሚያበራ ውሃ ውስጥ ካለፈ ብርሃኑ ያሳብቅበታል። እኔን የሳበኝ ግን የስሙ ትርጉም ነው። ስሙ ከእንግሊዝኛ ቃላት የተቆረጠ ሲሆን፣ ሲፈታ “ብዙ ውሃ የሚስብ፣ ቅስቀሳው የተወሰነ” እንደማለት ነው። ቅስቀሳው የተወሰነ! ውሃው በምን ፍጥነት እንደሚገባ፣ የሚያልፍበት ወንፊት ምን ዓይነት እንደሆነ፣ የሚናጠው ምን ያህል እንደሆነ አስቀድሞ ታውቆ ተጽፏል። ይህ ለምን አስፈለገ? ያንኑ ውሃ ሁለት የተለያየ አሠራር ባላቸው መሳሪያዎች ብትለኩት ሁለት የተለያየ ቁጥር ስለምታገኙ ነው። አንዱ ቀስ አድርጎ ይንጣል፣ ሌላው በኃይል። ስለዚህ “የባሕሩ ብርሃን ይህን ያህል ነው” የሚል ቁጥር ብቻውን ትርጉም የለውም። “እኔ በዚህ መጠን ስነካው ይህን ያህል አበራ” ሲባል ነው ዕውቀት የሚሆነው።

“ብዙ ውሃ የሚስብ” የሚለውም የራሱ ታሪክ አለው። ውሃን ቀስ ብለው የሚስቡ መሳሪያዎች አንድ ችግር አለባቸው፤ መዋኘት የሚችሉት ያመልጧቸዋል። ክሪልን የመሰሉ ፈጣን እንስሳት የመሳሪያው አፍ ሲቀርብ ይሸሻሉ። ውስጥ ገብቶ የሚቆጠረው መሸሽ የማይችለው ነው። ይህን ሳነብ ያሰብኩት ስለ ሰው ነው። ተተንኩሶ ቪዲዮ ላይ የሚወጣው ማን ነው? መንገድ ላይ የሚሠራው፣ ሱቁን ትቶ መሄድ የማይችለው፣ ጥበቃው፣ አስተናጋጇ። መኪናውን አስነስቶ መሄድ የሚችለው አይለካም። ከዚያ እኛ የለካናቸውን አይተን “ሕዝባችን እኮ ቁጡ ነው” እንላለን።

ሰዓትም አለ። ብዙዎቹ የሚያበሩ ዳይኖፍላጀሌቶች ውስጣዊ ሰዓት አላቸው፤ ማታ ሲነኩ በደንብ ያበራሉ፣ ቀን ግን ያን ያህል አይበሩም። ያው ፍጥረት፣ ያው ንክኪ፣ የተለያየ መልስ። ድካምም አለ፤ ደጋግመው ከነኩት ብርሃኑ እየደከመ ይሄዳል፣ እስኪያገግምም ጊዜ ይፈልጋል። ሦስተኛ ጊዜ የለካው ሰው “ይኼማ ባዶ ነው” ቢል ተሳስቷል፤ ባዶ ያደረጉት ከእሱ በፊት የነኩት ናቸው። ስንት ሰው ነው በእንደዚህ ዓይነት ሰዓት ተለክቶ “ደረቅ ነው፣ ስሜት የለውም” የተባለው?

ስለዚህ የመጀመሪያው ሐሳቤ ይህ ነው፦ ሌላውን ቆስቁሶ ያወቀ ሰው ያወቀው ነገር ውሸት አይደለም፤ ግማሽ ነው። ሌላኛው ግማሽ የራሱ እጅ ነው። “ተሳደበ” እውነት ሊሆን ይችላል። “ለሦስት ሰዓት ከወጋሁት በኋላ ተሳደበ” ግን የበለጠ እውነት ነው። ሁለተኛውን ትቶ የመጀመሪያውን ብቻ የሚያወራ ሰው አልዋሸም ሊባል አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሳል፤ እኔም አከብረዋለሁ። “እሺ፣ ታዲያ ምን ይደረግ? ካልነካነው አናውቀውም። ሰው ራሱን ይደብቃል። ልታገባው ያሰበች ሴት ሲቆጣ ምን እንደሚሆን ማወቅ የለባትም? ሳቅና ጨዋታውን ብቻ አይታ ትግባ? በኋላ እኮ የምትጎዳው እሷ ናት።” ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ሕይወቷ የተንጠለጠለበትን ሰው “ቀስ ብለሽ ጠብቂው” ማለት ለሚጠብቅ ብቻ የሚመች ምክር ነው።

መልሴ ሁለት ነገር አለው። አንደኛ፣ የወርቁ ምሳሌ ለሰው ሙሉ በሙሉ አይሆንም። ወርቅ ከእሳት ሲወጣ ወርቅ ነው፤ እሳቱ ቆሻሻውን ወሰደ እንጂ ወርቁን አልለወጠውም። ሕያው ነገር ግን ከፈተናው እንደገባ አይወጣም። ዳይኖፍላጀሌቱ ብርሃኑን ጨርሶ ይወጣል። የተፈተነችው ፍቅረኛም ፈተና እንደነበር ስታውቅ ቀድሞ የነበረችው ሴት አትሆንም፤ ያመነችውን ሰው አጥታለች። ፈተናውን “አልፋለች” ማለት ምንም አይጠግንም።

ሁለተኛ፣ ሕይወት ራሷ የምታመጣው ፈተናና እኔ የማዘጋጀው ፈተና አንድ አይደሉም። ስለ ጂም ሎቬል ላንሳ፤ በኋላ የአፖሎ 13 አዛዥ የሆነው ሰው ነው። በ1950ዎቹ ወጣት የባሕር ኃይል አብራሪ ሳለ፣ በጃፓን አካባቢ በጨለማ ሌሊት ወደ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቡ ሲመለስ መንገዱ ጠፋበት። ይባስ ብሎ የአውሮፕላኑ የውስጥ መብራት በኤሌክትሪክ ብልሽት ጠፋ። ዓይኑ ጨለማውን ሲለምድ ግን ታች ባሕሩ ላይ አንድ አረንጓዴ የሚያበራ መስመር አየ። መርከቡ ሲያልፍ የናጠው ውሃ ነበር። መስመሩን ተከትሎ ደረሰ። ያ ብርሃንም ቢሆን የመናጥ ውጤት ነው፤ ፍጥረታቱ ያው ኡኡ እያሉ ነው። መርከቡ ግን ሊፈትናቸው አልሄደም፤ መንገዱን ሲሄድ ነው የነካቸው። ሎቬልም ያየው ሌላው ሲያልፍ የተፈጠረውን ነው።

አብረን ስንኖር፣ አብረን ስንሠራ፣ ሳንፈልግም እንነካካለን። ታክሲ ሲጠፋ፣ ደሞዝ ሲዘገይ፣ ዘመድ ሲታመም፣ ሰው ምን እንደሆነ ይታያል። ለማግባት ያሰበችዋም ማየት ያለባት ይህንን ነው። አስተናጋጅ ሲሳሳት፣ መኪና ሲጋጭ፣ እሷ “አይሆንም” ስትለው እንዴት እንደሚሆን ትይ። ይህ መቆስቆስ አይደለም፤ ዓይንን አለመጨፈን ነው። ቀኑ ራሱ የሚያመጣው መናጥ ከበቂ በላይ ነው፤ እኛ ፓምፕ መጨመር አይጠበቅብንም።

ሳይነኩ ማየትስ ይቻላል? ይህንንም ባሕሩ ላይ ሞክረውታል። በደቡብ ፈረንሳይ፣ ከቱሎን ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ 2,475 ሜትር ጥልቀት ላይ አንታሬስ የሚባል የኒውትሪኖ ቴሌስኮፕ ነበር። ኒውትሪኖ ከጠፈር የሚመጣ፣ ከምንም ነገር ጋር እምብዛም የማይነካካ ረቂቅ ቅንጣት ነው። በ12 ረጃጅም መስመሮች ላይ ወደ 900 የሚጠጉ ፎቶመልቲፕላየሮች ተንጠልጥለው እስከ 2022 ድረስ ጨለማውን ሲጠብቁ ኖረዋል። ለፊዚክስ ሰዎቹ የባሕሩ ሕያው ብርሃን የሚረብሽ ጫጫታ ነበር፤ የሚፈልጉትን የሚሸፍን። ለባሕር ተመራማሪዎቹ ግን ጫጫታው ዋናው ወሬ ሆነ። በ2009 እና በ2010 ከወትሮው እጅግ የበዛ ብርሃን ተመዘገበ፤ በክረምት ከባሕሩ ገጽ የቀዘቀዘና የከበደ ውሃ ወደ ጥልቁ ሲወርድ ምግብና ኦክስጅን አብሮ በማውረዱ ጥልቁ እንደነቃ ታወቀ። ማንም አልናጠውም። ዓመታት በመጠበቅ ብቻ የታየ ነገር ነው።

ግን ይህም ንጹሕ አይደለም። የውሃው ፍሰት ሲጠነክር አንታሬስ ላይ የሚታየው ብርሃንም ይጨምራል። ከምክንያቶቹ አንዱ ፍጥረታቱ ከመሳሪያው ጋር እየተጋጩ፣ በዙሪያውም ውሃው እየተናጠ መብራታቸው ነው። ዝም ብሎ የቆመ ምሰሶም ይነካል። መገኘት ብቻውን ንክኪ ነው። “እኔ ምንም አላልኩም፣ ዝም ብዬ ነበር” የሚል ሰው ሲገጥመኝ ይህ ምሰሶ ትዝ ይለኛል። እራት ላይ ዝም ብሎ የሚቀመጥ አባት ቤቱን ሁሉ እንደሚያናውጥ ልጆቹ ያውቃሉ።

ሌላ መንገድ የሞከረችው ኢዲት ዊደር ናት። ሃይዴክስን ከሠሩት ተመራማሪዎች አንዷ ናት፤ ስለዚህ መናጥን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ሰርጓጅ ተሽከርካሪዎች በጫጫታቸውና በነጭ መብራታቸው እንስሳቱን እንደሚያባርሩ አስተውላ፣ አብዛኞቹ የጥልቅ ባሕር እንስሳት በማያዩት ቀይ ብርሃን የሚያይ ካሜራ አሠራች። ባሕሩ ወለል ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። አጠገቡም የኤሌክትሮኒክስ ጄሊፊሽ አስቀመጠች፤ አቶላ የሚባለው ጄሊፊሽ ሲያዝ የሚያሳየውን ክብ እየዞረ የሚበራ ኡኡታ አስመስሎ የሚያበራ። በ2004 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ መጀመሪያ ሲበራ 86 ሰከንድ ብቻ ነው የፈጀው፤ እስከዚያ ቀን በሳይንስ የማይታወቅ ትልቅ ስኩዊድ መጣ። በ2012 ደግሞ በዚሁ ዘዴ በጃፓን ኦጋሳዋራ ደሴቶች አካባቢ ግዙፉ ስኩዊድ በጥልቅ መኖሪያው በቪዲዮ ተቀረጸ፤ የዘመናት ሕልም ነበር።

ይህ ሥራ ያስደንቀኛል። ሆኖም አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ጄሊፊሹ የውሸት ነው። ኡኡታው የውሸት ነው። ስኩዊዱ አልተናጠም፤ ተታለለ። ለስኩዊዱ ምንም ክፋት የለውም፤ ምግብ ፈልጎ መጥቶ ፕላስቲክ አግኝቶ ሄደ። ነገሩን ወደ ሰው ስናመጣው ግን ያቺው የሐሰት አካውንት ትሆናለች። በሰው መካከል ከመናጥና ከማታለል የቱ ይከፋል ብትሉኝ እኔ ማታለል እላለሁ። የናጠህ ሰው ቢያንስ እጁ ይታያል፤ “ምን ፈልገህ ነው?” ልትለው ትችላለህ። በሐሰት ጄሊፊሽ የሚጠብቅህ ግን መልስ የመስጠት ዕድልህን ወስዶብሃል። ደግሞ ከስኩዊድ ጋር የሌለን አንድ ነገር ከሰው ጋር አለን፤ መጠየቅ እንችላለን። ስኩዊድን “ከየት መጣህ፣ ምን ያስደስትሃል?” ብለን መጠየቅ ስለማንችል ካሜራ እንደብቃለን። ፍቅረኛችንን ግን መጠየቅ እንችላለን። ጠይቀን የሚዋሸን ከሆነ፣ ውሸቱ የእሱ ይሆናል።

እስካሁን ያወራነው ሲነካ ስለሚበራ ብርሃን ነው። አንድ ሌላ ብርሃን አለ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩትም ስለ እሱ ለመናገር ነው።

መርከበኞች ለዘመናት አንድ ነገር ሲያወሩ ኖረዋል፦ በሌሊት ባሕሩ በሙሉ፣ ከአድማስ እስከ አድማስ፣ ሳይንቀሳቀስ ነጭ ሆኖ ሲያበራ አየን። ብልጭታ አይደለም፤ የማይቋረጥ ነጭ ብርሃን። የወተት ባሕር ብለው ጠሩት። ለብዙ ጊዜ ነገሩ የመርከበኛ ተረት ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1995 ሊማ የምትባል የእንግሊዝ የንግድ መርከብ ከእኛ ብዙም በማይርቅ ውሃ፣ ከሶማሊያ ጠረፍ በስተምሥራቅ፣ እንዲህ ባለ ብርሃን ውስጥ ለሰዓታት ተጓዘች። ካፒቴኑም መርከቧ በበረዶ ሜዳ ላይ ወይም በደመና ላይ የምትሄድ እንደምትመስል መዘገበ። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ በ2005፣ ስቲቨን ሚለርና ባልደረቦቹ የዚያን ሌሊት የሳተላይት ምስል ፈልገው አወጡ። ብርሃኑ እዚያው ነበር፤ 15,400 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከአዲስ አበባ ስፋት ከ25 እጥፍ በላይ፣ ሦስት ሌሊት በተከታታይ። መርከበኞቹ እውነታቸውን ነበር።

ይህንን ብርሃን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ናቸው ተብሎ ይታመናል። ባሕርያቸው ከዳይኖፍላጀሌት ሌላ ነው። የሚያበሩ ባክቴሪያዎች ብቻቸውን ሲሆኑ አያበሩም ማለት ይቻላል፤ በኬሚካል ምልክት እርስ በርስ ይተዋወቁና፣ እንደነሱ ያሉ በዙሪያቸው ሲበዙ ያበራሉ። የሚያበራቸው የጠላት መምጣት አይደለም፤ የወገን መብዛት ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎችን አታውቁም? በስብሰባ፣ በፈተና፣ በኢንተርቪው ላይ ድንጋይ የሚመስሉ፤ ከአብሮ አደጎቻቸው ጋር ሲቀመጡ ግን ቤቱን የሚያሞቁት። እነዚህን ሰዎች መነካካት ምንም አያሳይህም። ራሳቸውን የሚያገኙበት ቦታ እንግዳ ሆነህ መቀመጥ አለብህ።

በ2019 ከኢንዶኔዥያዋ የጃቫ ደሴት በስተደቡብ ከ100,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሸፈነ የወተት ባሕር በሳተላይት ታየ። ጋኔሻ የምትባል የጀልባ ቡድን በአጋጣሚ በዚያ ሌሊት እዚያው ውስጥ ያልፍ ነበር። ሰዎቹ ስለ ሳተላይቱ ምንም አያውቁም። ከሚያበራው ባሕር በባልዲ ውሃ ቀዱ። ባልዲው ውስጥ ጥቂት የማይርገበገቡ የብርሃን ነጥቦች ነበሩ። ከዚያ ማንኛችንም የምናደርገውን አደረጉ፤ ውሃውን በጠበጡት። ነጥቦቹ ጠፉ።

ባቲፎቶሜትር የተሠራው ሲነካ ለሚበራው ነው፤ ለዚያም ጥሩ መሳሪያ ነው። ሲበጠበጥ የሚጠፋውን ግን ያሳዩን ሳተላይቱና ዝም ብለው ያለፉት መርከበኞች ናቸው። ከባሕሩ ሰዎች የምወስደው ትምህርት “አትንኩ” የሚል አይደለም፤ አንታሬስ እንዳሳየው ሳይነኩ መኖር አይቻልም። የምወስደው ሁለት ነገር ነው። አንዱ፣ ስለ አንድ ሰው “ማንነቱ ወጣ” ከማለቴ በፊት ከጎኑ እኔ ምን እንዳደረግሁ መጻፍ፦ ስንት ጊዜ ነካሁት፣ በምን ሰዓት፣ ከእኔ በፊት ማን ነክቶት ነበር፣ መሄድ ይችል ነበር ወይ። ሌላው ደግሞ፣ “ምንም የለውም፣ ጨለማ ነው” ያልኩት ሰው ካለ፣ ስለዚያ ሰው ሳልጠይቃቸው የሚናገሩትን መስማት። እናቱን፣ አብሮ አደጉን፣ ማታ ማታ አብረውት ቡና የሚጠጡትን። “አንተ አላየኸውም እንጂ እሱ እኮ…” ብለው ሲጀምሩ ሳላቋርጥ።